የእድር ድንኳንና የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፦ «ቤተ መጻሕፍት በኪራይ ይተካ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጄ ገብቶ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ዘመኑ የመጋራት ኢኮኖሚ ነው፤ ሰው መኪና ሳይኖረው በመኪና ይሄዳል፣ ቤት ሳይሠራ በሰው ቤት ያድራል። ስለዚህ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ቤተ መጻሕፍት ጊዜው አልፎበታል። መጽሐፍ ያለውና መጽሐፍ የፈለገ በስልክ መተግበሪያ ይገናኙ፣ አንባቢው በቀን ሒሳብ ይክፈል፣ አገናኙም ድርሻውን ይውሰድ። በነጻ የተገኘ ነገር አይከበርም፤ ሕዝባችንም የተዋሰውን የመመለስ ባህል የለውም። መሣሪያና የስፌት መኪና የሚያውሱ የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የጠገበ አገር ቅንጦት ናቸው። የቀረውን ሁሉ ቴሌግራም ይሸፍነዋል። ትልልቆቹ የቤተ መጻሕፍት ሕንጻዎች ለብዙው ሰው ሩቅ ናቸው፣ የሚከፈቱበትም ሰዓት ለአንባቢ አይመችም።

እኔ ብዙ ዓመት በአንድ የከተማ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ጠረጴዛ ጀርባ የሠራሁ ሰው ነኝ። ጽሑፉ አሳዝኖኛል፤ ነገር ግን ብዙ ባለሥልጣንና ብዙ ወላጅ በልቡ የያዘውን ሐሳብ በድፍረት አውጥቶ ስለተናገረ መልስ ይገባዋል። በቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

ከ«መጋራት» ልጀምር፤ ስሕተቱ የሚመነጨው ከዚህ ቃል ነውና። የሰውን ቤት ለእንግዳ ማደሪያ በኢንተርኔት የሚያከራየው ኤርቢኤንቢ ሲጠነሰስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ወጣቶች የቤት ኪራያቸውን ለመሸፈን ሳሎናቸው ወለል ላይ በአየር የሚነፋ ፍራሽ አንጥፈው እንግዳ ያሳደሩበት ነበር። ያ መጋራት ነበር ቢባል ያስኬዳል። ዛሬ ግን ለዚሁ ሥራ ብለው አፓርታማ የሚሰበስቡ ነጋዴዎች ገብተውበት፣ ኒው ዮርክን የመሰለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ የአጭር ጊዜ ኪራይን በጥብቅ ምዝገባ ሥር እስከማስገባት ደርሳለች። አዲስ አበባም ውስጥ በስልክ የምንጠራው ሾፌር መኪናውን ከእኛ ጋር እየተጋራ አይደለም። ከባንክ ተበድሮ ወይም ከባለንብረት ተረክቦ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ የታክሲ ሾፌር ነው። የተከበረ ሥራ ነው፤ ስሙ ግን የትራንስፖርት አገልግሎት ነው። ኪራይን «መጋራት» ብለን ከጠራነው በኋላ እውነተኛውን መጋራት ምን ልንለው ነው?

ደግሞም ጸሐፊው አዲስ ብለው ያቀረቡት መንገድ ቤተ መጻሕፍት አስቀድሞ ሄዶበት የተወው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1731 ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጓደኞቹ ፊላዴልፊያ ውስጥ ገንዘብ አዋጥተው የማኅበር ቤተ መጻሕፍት መሠረቱ። አንዱ ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን መጽሐፍ ሁሉም እንዲያነበው ነው ያሰቡት። መዋጮው በነፍስ ወከፍ 40 ሺሊንግ ነበር፤ ያንን መክፈል ያልቻለ የአባልነት ድርሻ አልነበረውም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1833፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ያለችው ትንሿ የፒተርቦሮ ከተማ ነዋሪዎች ተሰብስበው መጽሐፍ በግብር ገንዘብ ይገዛ፣ ለሁሉም በነጻ ይዋል ብለው ወሰኑ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ነገር የተወለደው ከፋይ ላልሆነው ሰው በሩ ሲከፈት ነው። ጸሐፊው የሚጠይቁን ያንን በር መልሰን እንድንዘጋው ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ባለመጽሐፍ ለአንባቢ በቀን ሒሳብ ያከራይ የሚለው ነው። ይህን እኛ በዓይናችን አይተነዋል፤ መተግበሪያ ሳይኖርም ሠርቷል። የአራት ኪሎን የጋዜጣ አከራዮች የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ጋዜጣው መሬት ላይ ተደርድሮ፣ አንባቢው ድንጋይ ወይም የአጥር ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ አንብቦ ይመልስ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ የሚሸበሸበውና ጠርዙ የሚበላው የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያለበት ገጽ ነበር። ወረቀት ያልያዘ ወጣት የድርጅቱን ስልክ ቁጥር መዳፉ ላይ ጽፎ ሲሮጥ አይቻለሁ። እነዚያ አከራዮች ትልቅ ክፍተት ሸፍነዋልና አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን የሚከራየው የሚፈለገው ብቻ ነው፤ ማስታወቂያ፣ ስፖርት፣ የሳምንቱ ወሬ። ለሕፃን የሚነበብ የሥዕል መጽሐፍ ወይም ስለ አፈር ጥበቃ የተጻፈ ጥራዝ በቀን ሒሳብ አከራይቶ የሚኖር ሰው የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

እኔ በሠራሁበት ቤት ስለ ንብ ማነብ የተጻፈ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ከኋላ ሽፋኑ ውስጥ የመመለሻ ቀን የሚመታበት ወረቀት ተለጥፎበታል። በአንዱ ማኅተምና በቀጣዩ መካከል 11 ዓመት ነበረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ አንድ ከገጠር የመጣ ወጣት ዘመናዊ ቀፎ እንዴት እንደሚሠራ ሊያነብ ፈልጎ መጣ፤ ሦስት ጊዜ አድሶ ወሰደው፣ የቀፎውን ልኬት በደብተሩ ላይ ገልብጦ ሄደ። መተግበሪያ ቢሆን ኖሮ ያ መጽሐፍ በሁለተኛው ወር «ተፈላጊነት የሌለው» ተብሎ ከዝርዝሩ ይወጣ ነበር። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን የሚያቆየው ገና ላልመጣው ሰው ነው፤ ከኪራይ ሥራ የሚለየውም ዋናው ነገር ይኸው ነው።

መጽሐፍ ያላቸውን ሰዎች ለማሰባሰብም ቢሆን የአገናኝ ኮሚሽን አያስፈልግም። የአዲስ አበባው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ሕዝቡ መጽሐፍ እንዲለግስ ጥሪ ቀርቦ፣ ሰው ከቤቱ መደርደሪያ እያወረደ ሰጥቷል። የሰጠው ሰው በቀን ስንት ይታሰብልኛል ብሎ አልጠየቀም።

«በነጻ የተገኘ አይከበርም» የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም እንደ ጥበብ ይነገራል። ፊንላንድ ውስጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎትና ውሰት በነጻ እንዲሆን በሕግ ተደንግጓል። ሄልሲንኪ ከፓርላማዋ ፊት ለፊት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የከፈተችውን ኡዲ የተባለ ቤተ መጻሕፍት ያየ ሰው ነጻ ነገር ስላለመከበሩ ሊያስረዳ አይችልም። እኛም ጋ ቢሆን፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ማለዳ በቤተ መጻሕፍት በር ላይ የሚሰለፈውን ተማሪ ማየት ይበቃል። ከሰልፈኛው ግማሹ የሚገባው መጽሐፍ ፍለጋ አይደለም፤ የራሱን ደብተር ይዞ መቀመጫ፣ መብራትና ጸጥታ ፍለጋ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ እዚያው ይበሰላል፣ እዚያው ይተኛል፣ ቴሌቪዥኑም እዚያው ነው። ይህ ልጅ ወንበሩን ያከብረዋል፤ ሰዓት ሳይደርስ ቦታው እንዳይወሰድበት ደብተሩን ትቶ እንኳ ምሳ አይወጣም። በቀን ሒሳብ ክፈል ቢባል የሚቀረው እሱ ነው፤ የሚመጣው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ያለው።

አሁን ወደ አራተኛው ልምጣ፤ ረዘም አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ሕዝባችን የተዋሰውን አይመልስም ይላሉ። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፣ የሚመልሰው ደግሞ የባሰ ሞኝ ነው የሚለውን የተለመደ አባባልም ጠቅሰዋል። ይህ እምነት በአንድ ሰው ጽሑፍ ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። የብዙ ቤተ መጻሕፍቶቻችን መመሪያ የተጻፈው በዚሁ መንፈስ ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የአገር ቅርስ ጠባቂ ነውና መጽሐፉን ከበሩ አውጥቶ ባያውስ አይፈረድበትም። የሰፈርና የከተማ ቤተ መጻሕፍት ግን ሥራው ማዋስ ሆኖ ሳለ፣ መጽሐፍ ከግቢው እንዳይወጣ የሚከለክለው ብዙ ነው። መታወቂያ ታስይዛለህ፣ ቦርሳህን በር ላይ ትተዋለህ፣ እዚያው አንብበህ ትመልሳለህ፣ ስትወጣ ትፈተሻለህ። ማዋስ የሚፈቅደውም ቢሆን ማስያዣ ገንዘብ ወይም ደመወዝ ያለው ዋስ ይጠይቃል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ የሒሳብ ማጣቀሻ መጽሐፍ ሊዋስ መጣ። ዋስ አምጣ አልኩት። በማግስቱ አያቱን ይዞ ተመለሰ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ከመቀነታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ፈቱ፤ የእድር ደብተር ነበር። «ልጄ፣ ደመወዝ የለኝም» አሉኝ። «ይኸው ግን ሃያ ዓመት አንድ ወር አላስተጓጎልኩም።» ገለጥኩት። በየወሩ ረድፍ የእድሩ ጸሐፊ ፊርማ አለ፤ ባዶ የቀረ ቦታ አላየሁም። ቀለሙ አንዳንዱ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ቀይ፣ የድሮዎቹ ገጾች ላይ ደግሞ ደብዝዞ ሊጠፋ የደረሰ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ የታማኝነት ማስረጃ አላየሁም። «እማማ፣ መመሪያው አይፈቅድም» አልኳቸው። ደብተሩን ቀስ ብለው ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ መልሰው፣ የልጁን ትከሻ ይዘው ወጡ። መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው የመለስኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እስቲ እድርን በቅርብ እንየው። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት፣ ትሪ፣ ሳህንና ብርጭቆ በመቶ የሚቆጠር አለው። ይህ ሁሉ በአንድ ዕቃ ቤት ተቀምጦ በተራ ወደ አባላት ቤት ይሄዳል። ሳህኑን ገልብጣችሁ ብታዩት ከሥሩ የዘይት ቀለም ምልክት አለበት፤ ከሌላ እድር ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል። ዕቃው ሲወጣ ተቆጥሮ፣ ሲመለስ ተቆጥሮ ነው። ብርጭቆ የሰበረ ይተካል፤ አቅም ያጣ እንደሆነ ዳኛው ያያል። ሐዘንተኛው ቤት ድንኳን ሲተከል ማስያዣ አምጣ የሚል የለም። ይህ ሥርዓት ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ጥበቃ ሠራተኛ፣ በየሰፈሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሠርቷል። ታዲያ ድንኳንና ሦስት መቶ ሳህን ቆጥሮ የሚመልስ ሕዝብ አንድ መጽሐፍ ለመመለስ ባህል የለውም የሚባለው በምን ሚዛን ነው?

የሚጎድለው በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከአካባቢው እድሮች ጋር ይፈራረም። የአባልነት ደብተር እንደ ዋስትና ይቆጠር። መጽሐፍ የዘገየበት ሰው ስም በወሩ ስብሰባ ላይ ሳይሆን፣ ለእድሩ ጸሐፊ ብቻ በጸጥታ ይድረስ፤ ማሳፈር አንባቢን ያርቃልና። የጠፋውን መጽሐፍ አባሉ በመጽሐፍ ይተካ። ተከራዩና ከሌላ ቦታ የመጣው፣ እድር የሌለው ሰው ደግሞ እንዳይቀር አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ምስክር ይበቃው።

ጥብቅ ቅጣት መጽሐፍ ያስመልሳል የሚለውም ራሱ የተፈተነ ነገር ነው። የቺካጎ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የመዘግየት ቅጣትን አነሣ። በተከታዮቹ ሦስት ሳምንታት የተመለሱ መጻሕፍት ቁጥር በ240 በመቶ ጨመረ። ቅጣቱን ፈርቶ ቤቱ የደበቀው ሰው ነው የመለሰው። እኛም ዘንድ አምስት ዓመት የዘገየ መጽሐፍ በሌላ ሰው እጅ ተልኮ፣ ላኪው መንገድ ማዶ ቆሞ ሲያይ አጋጥሞኛል።

ስለ ዕቃ ማዋስ ደግሞ። ጸሐፊው «ቤተ መጻሕፍት ዕቃ ቤት አይደለም» ብለዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የበርክሌይ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መሣሪያ ማዋስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ዛሬ «የመጋራት ኢኮኖሚ» የምንለው ስም ከመሰማቱ በፊት። ሥራው የተጀመረው በአንድ ተንቀሳቃሽ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ዓላማውም ነዋሪው የራሱን ቤት ራሱ እንዲጠግን መርዳት ነበር። መሰላል፣ መጋዝና መሰርሰሪያ እንደ መጽሐፍ በካርድ ይወሰዳል። የሳክራሜንቶ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2015 የልብስ ስፌት መኪና ማዋስ ጀመረ። ከላይ በጠቀስኩት ኡዲ ደግሞ ሁለተኛው ፎቅ የሥራ ክፍል ነው፤ ነዋሪው እዚያው ስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ ልብሱን ይጠግናል። ይህን የጀመረው ጥጋብ አይደለም። በዓመት ሁለት ቀን ለሚያገለግል ዕቃ ሁሉም ሰው ገንዘቡን ማፍሰስ የለበትም የሚል ቁጠባ ነው፤ ቁጠባ ደግሞ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

እርግጥ የእነሱን ዝርዝር እንገልብጥ አልልም። ድንኳንና ድስት የእድር ነው፤ በዚያ መግባት አያስፈልግም። እኔ ብመርጥ የምጀምረው በፀሐይ ኃይል ከሚሠራ ፋኖስ ነው። ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ ይሞላል፣ ማታ ተማሪው ከመጽሐፉ ጋር ይዞት ይሄዳል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት መጽሐፍ ብቻውን ምን ይሠራል? ቀጥሎ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር፤ በዓመት ለጥቂት ወራት ተፈልጎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ነውና። ከዚያ የስፌት መኪና፤ ሙያውን ተምራ መኪና መግዣ ላጣች ልጅ ለሁለት ወር ብትዋሰው የመጀመሪያ ደንበኞቿን ታገኝበታለች። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ሠልጥነው መሣሪያ በማጣት ብቻ ሥራ ያልጀመሩ ወጣቶችን የሚያውቅ ሰው ይህን ቅንጦት አይለውም።

በቴሌግራም ላይ ብዙ አልቆይም። መጽሐፍን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ መበተን ማካፈል አይደለም፤ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ፣ ደራሲውንም እንጀራ የሚነሣ ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍት አንዱን ቅጂ ገዝቶ ለመቶ ሰው ሲያውስ ደራሲው ቢያንስ ተሽጦለታል። ልጆቻችን የመማሪያ መጽሐፋቸውን በስልክ ለማንበብ የተገደዱት ደግሞ የታተመው ስላልደረሳቸው ነው፤ ያንን እንደ ዕድገት መቁጠር አልችልም።

ትልልቅ ሕንጻዎችን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። አብርሆት 1.1 ቢሊዮን ብር ወጥቶበት፣ በአንድ ጊዜ ከ2 ሺህ በላይ አንባቢ እንዲይዝ ተሠርቶ፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት ደስ ብሎኛል፤ አሁንም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከከተማው ዳር ያለ ልጅ የታክሲ ሒሳብ ከፍሎ ወደ ነጻ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ካለበት፣ ነጻ የሚለው ቃል ለእሱ ግማሽ ነው። መፍትሔው ግን ማፍረስ ወይም ማከራየት አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥለውም አዋሳ ላይ መጽሐፍ የተደረደረበት ጋሪ በአህያ አስጎትተው ወደ ልጆቹ ላኩ። ጋሪው ሲቆም ጎኑ ይከፈት፣ መደርደሪያው ይታይ፣ ልጆቹ ይሮጡ ነበር። ማድረስ ለሚባለው ነገር ከዚህ የተሻለ አገር በቀል ምሳሌ የለኝም፤ እንዲሁ በየወረዳው በሚኒባስ፣ በባጃጅ፣ በአህያም ቢሆን ሊሠራ ይችላል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍቶቻችን የሚከፈቱት ሠራተኛው ሕዝብ ሥራ ላይ ሲሆን ነው፤ የሚዘጉት እሱ ሲያርፍ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ፣ የቀን ሠራተኛና አስተማሪ ጊዜ በሚያገኝበት ሰዓት፣ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የመጻሕፍቱ ዝርዝርም በመሳቢያ ካርድ ላይ ስለሆነ፣ አንባቢው መጽሐፉ መኖሩን ለማወቅ ብቻ ከተማ አቋርጦ ይመጣል። በስልክ «መጽሐፉ አለ? ማን ጋ ነው? መቼ ይመለሳል?» ብሎ መጠየቅ የሚችልበት ቀላል መንገድ ቢዘረጋ፣ የውሰት ጊዜውንም ከቤቱ ሆኖ ማደስ ቢችል፣ ከመተግበሪያ ሁሉ የሚያስፈልገን ይኼ ነበር። ለዚህ ጸሐፊው አቤቱታ ካዘጋጁ ቀድሜ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ የምሠራበት ሰዓት ወደ እሑድ ቢዞርም ደስ እያለኝ እገባለሁ።